የክርስትና ስም ፍለጋ የወጡት ጋሽ ሰይድ

ጋሽ ሰይድ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲጮህ፣ የምመረምራት ሴትዮ አልጋ ላይ ስለነበረች አላነሳሁትም። ወረፋው ቀለል ሲል መልሼ ደወልኩ። የደወለችው ቢቸና አብራኝ የሠራች ነርስ ናት። "ሙሉዬ፣ አልሰማሽም እንዴ? ጋሽ ሰይድ እኮ አረፉ። ትናንት ሞጣ ተቀበሩ" አለችኝ። በሙስሊሞች ወግ ቀብር አይዘገይምና አልደረስኩበትም። ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀጥላ የገባችው ነፍሰ ጡር ደንግጣ "ሲስተር፣ የኔ ውጤት ነው እንዴ?" ስትለኝ ደግሞ በለቅሶዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። ጋሽ ሰይድ ይህን ቢሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ቢቸና በአንድ ጤና ጣቢያ አብረን ሠርተናል። እሳቸው የላብራቶሪው ኃላፊ፣ እኔ የነፍሰ ጡር ክትትል ነርስ ነበርኩ፤ ክፍሎቻችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። አጭርና ሞላ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ይወርዳል። ልክዎን ይውሰዱ ሲባሉ "የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆኜ ጨርቅ አሳጥሬ ልልበስ?" ብለው እምቢ አሉ። አባታቸው ሞጣ የታወቁ ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፤ ሱቁን በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ወረሰው። ጋሽ ሰይድ ደም ሊቀዱ እጅ ሲይዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ነው። ያ ሰው ከሞጣ ወይም ከመርጡለ ማርያም አካባቢ ከሆነ፣ አያቱ ለሠርጓ ከአባታቸው ሱቅ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደገዛች ይነግሩታል። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ሲሰማ መርፌው ገብቶ ወጥቷል።

ማይክሮስኮፑን ከማየታቸው በፊት ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ። ምን እያደረጉ ነው ብዬ ብጠይቃቸው "የሰው ቤት እኮ ነው የምገባው፣ ሙሉ" አሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። እኛም አውቀን አንነግራቸውም፤ ሲያገኙት የሚያሳዩት ቁጣ ደስ ይለን ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ያን ጊዜ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ወባ ካልተገኘበት፣ በየቦታው "ታይፎይድና ታይፈስ" ይባልና መድኃኒቱን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰዉም ለምዶታል፤ ስም ካልተሰጠው ተመረመርኩ አይልም። ጋሽ ሰይድ ያላዩትን አይጽፉም። "አላየሁትም" ብለው ይመልሳሉ። ታማሚው "ታዲያ እዚህ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?" ብሎ ሲቆጣ፣ "ያላየሁትን አላየሁም ልልህ" ይሉታል። ከዚያ በኋላ የምትመጣውን ቃል ሁላችንም እናውቃታለን፤ "ትኩሳት ስም አይደለም።" ይህቺን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ውጤት በመስኮት አቀብለው አያውቁም። የመጣውን ሁሉ አስገብተው አስቀምጠው ነው የሚነግሩት። ወረፋው እስከ አጥሩ ቢደርስ፣ ኃላፊው ቢቆጣ፣ ግድ የላቸውም። "ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ጥሎት ነው የሚሄደው" ይሉ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ከአዲስ አበባ ዶክተር ሕይወት የምትባል ቀጭን ወጣት ተመራማሪ የመጣችው። ጥናቷ ትኩሳት ኖሮባቸው ምክንያቱ ያልታወቀ ሰዎችን ደም ወስዶ፣ በውስጡ ያለውን ቫይረስ በዘረመሉ አንብቦ ማንነቱን መለየት ነው። ደሙ እኛ ዘንድ በማቀዝቀዣ ይቆይና አዲስ አበባ ሄዶ እዚያ ባለ መሣሪያ ይነበባል። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ እንደ ሙሽራ ተደሰቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ "አላየሁትም" እያሉ የሸኙትን ነገር የሚያይ መሣሪያ አገር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለእኔ ያስረዱኝ በራሳቸው መንገድ ነው።

"አባቴ ሱቅ ሴት ትመጣለች፤ ያረጀ ቀሚሷን ቁራጭ ይዛ። የጣት ጥፍር ታክላለች ቁራጯ። አባቴ ያችን ቁራጭ ከጣቃው ሁሉ ጋር እያስተያየ፣ ከየትኛው ጣቃ እንደተቀደደች ይነግራታል። እነሱም እንደዚያው ናቸው። ደም ውስጥ የተበጣጠሰ ቁራጭ ነው የሚያገኙ፤ ከሚታወቀው ጣቃ ሁሉ ጋር ያስተያዩታል።"

"ጣቃው መደርደሪያ ላይ ከሌለስ?" አልኳቸው።

"ያን ጊዜ አላየሁትም ይላሉ። እንደኔ።"

ደሙን ለሰጣቸው ሰው ሁሉ ግን አንድ ቃል ይገቡ ነበር፤ "ስሙን አመጣልሃለሁ።" ዶክተር ሕይወት "ጋሽ ሰይድ፣ ኧረ ቃል አይግቡላቸው፤ ጥናት ነው፣ ላይገኝም ይችላል" ብትላቸው፣ "ካልተገኘ አልተገኘም ብዬ እነግረዋለሁ። ደሙን ወስጄ ዝም አልለውም" አሏት። ሳቀች እንጂ ልታሸንፋቸው አልቻለችም።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። አንድ ቀን ላግዛቸው ገብቼ የተመዘገበውን ባይ ወለተ ማርያም፣ ወልደ ገብርኤል፣ ወለተ ሚካኤል፣ ደግሞ ወልደ ገብርኤል ነው።

"ጋሼ! ይህ ሁሉ እኮ የክርስትና ስም ነው!"

"እና ስማቸው አይደለም?"

"ስማቸውማ ነው። ግን ሰፈር ውስጥ በዚህ የሚጠራቸው የለም፤ ከነፍስ አባታቸው በቀር ማን ያውቀዋል?"

"አውቃለሁ። ሞጣ አይደል ያደግሁት!" አሉ ቆጣ ብለው። "ሰው ስሜ ነው ብሎ ሲነግረኝ፣ አይደለም ልበለው?"

ነገሩ ገባኝ። እኛ አገር የቤት ስም ለገበያና ለቀበሌ ነው። ስም ለጸሎት ሲላክ፣ ጠበል ላይ ካህኑ ሲጠይቅ የሚሰጠው የክርስትናው ነው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ "ደምሽ ሩቅ አገር ሄዶ ይነበባል፣ የያዘሽ ነገር በስሙ ተጠርቶ ይታወቃል" ሲሏቸው፣ ጠበል ላይ በሰው ያደረ መንፈስ ስሙን ተናግሮ ሲለቅ ያየ ሰው የቱን ስም ይስጥ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ስምም ስልክም መጠየቅ ተጀመረ። የፊተኞቹ ግን እንዳሉ ቀሩ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከጥናቱ ምንም አልጎደለም። የጎደለው ባለስሙን ፈልገው ውጤቱን ለሚነግሩት ለጋሽ ሰይድ ነው።

መንገድ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ እንደገና ተዘግቶ፣ ከወራት በኋላ ውጤት መምጣት ጀመረ። የብዙዎቹ ምንም አልተገኘበትም። ጋሽ ሰይድ ይህንኑ ሊነግሩ ገበያ ድረስ ሄደው ሰው ይጠራሉ። "አዲስ አበባም ሄዶ አላወቁትም?" ብሎ የሳቀባቸው አለ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው የተመለሱ ጥቂት ጎልማሶች ደም ውስጥ ግን ዴንጊ የሚባለው፣ የቆላ ትንኝ የሚያስተላልፈው ቫይረስ ተገኘ። ያ ትልቅ ነገር ነበር፤ ትኩሳት የያዘውን ሁሉ ዳይክሎፍናክ የሚባል ማስታገሻ እንወጋ ነበርና ዴንጊ ላለበት ሰው ያ መርፌ ደም ሊያፈስ ይችላል። ጋሽ ሰይድ በየክፍሉ እየዞሩ "ከቆላ ለመጣ ትኩሳታም መርፌው ይቅር" ብለው ነገሩን። ደስታቸውን አልረሳውም። ሻይ ለሁላችንም አዘዙ፤ ረመዳን ስለነበር እሳቸው ሳይጠጡ እኛ ስንጠጣ አዩን።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ሁለት ሴቶች ፈቅደውልኝ ነው። የአንደኛዋን የክርስትና ስም ለውጬዋለሁ፤ ወለተ ሥላሴ እላታለሁ።

ዶክተር ሕይወት አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ጋሽ ሰይድ ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ እኔ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉት፤ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

"ሙሉ፣ ወለተ ሥላሴን ታስታውሻታለሽ? ከሞጣ እዚህ ጠበል ልትጠመቅ መጥታ ትኩሳት የጣላትን?"

አስታወስኳት። ቀይ ናት፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ነበረባት፤ እርግዝናዋ ገና ከሆዷ አያስታውቅም ነበር። ክትትሏ ሞጣ እንደሆነ፣ እዚያም ኤችአይቪ ተመርምራ ነጻ ነሽ መባሏን ነግራናለች። እኛም ዘንድ ተመርምራ አልታየባትም ነበር።

"እሱ ነው" አሉ። "ትኩሳቱ እሱ ነበር። ገና በገባ ሰሞን ነው ደሙን የሰጠችን። የኛ ምርመራ ሰውነት የሚሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው፤ ያን ጊዜ ገና አልሠራም። እነሱ ሌላ ነገር ሲፈልጉ ራሱን አገኙት።"

ሥራዬ ነውና የመጀመሪያው ሐሳቤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ነበር። ነጻ ነሽ ተብላለች፤ ዳግመኛ የሚመረምራት ላይኖር ይችላል። ከመውለዷ በፊት መድኃኒት ከጀመረች ልጁ ሊተርፍ ይችላል። ካልጀመረች ግን አሳሳቢ ነው፤ ወራቱም ሄዷል።

"ሞጣ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች እንጠይቅ" አልኩ።

"ምን ብለን? የቤት ስሟን አናውቅም። ቢቸና ያለ ላብራቶሪ ወለተ ሥላሴ የምትባል ነፍሰ ጡር እያሰሰ ነው ከተባለ፣ አገሩ ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቀዋል።" መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። የነፍስ አባቷ።"

"እና እርስዎ ቄስ ጋ ሊሄዱ ነው?"

"ብቻዬንማ የሴት ክርስትና ስም ይዤ ብዞር ምን ይሉኛል? አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

ፈቃድ ወስደን ሞጣ ሄድን። የመጀመሪያው ካህን ሳቁብን፤ "ወለተ ሥላሴ? አንዲት ብቻ መሰለቻችሁ? አጥቢያውን ይሞሉታል" አሉ። ሁለተኛው ጋሽ ሰይድን ከእግር እስከ ራሳቸው አይተው "ጉድ ነው ዘንድሮ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ መምሬ ታደለ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ደረስን። ደጃቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ ሰይድ እጅ ነስተው ገና ሳይናገሩ፣ "አንተ የሐጂ ዓሊ ልጅ አይደለህም?" አሏቸው። "ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ የሚሆነውን ጨርቅ ያመጣልን የነበረ አባትህ ነው። ቁጭ በል።"

ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ ይህን ስም የያዘች፣ ያን ሰሞን ቢቸና ጠበል ሄዳ የነበረች ሴት እፈልጋለሁ አሉ። መምሬ ታደለ እንደሚያውቋት ከፊታቸው ታየ።

"ምን ሆና ነው የምትፈልጋት?"

"ልነግራት የሚገባኝ ነገር አለ፣ አባ።"

"ለእኔ ንገረኝ፤ የነፍስ ልጄ ናት፤ አደርስልሃለሁ።"

"ለእርስዎ መንገር አልችልም።"

"እኔስ ጉዳዩን ሳላውቅ የነፍስ ልጄን ቤት የማሳይህ ይመስልሃል?"

"አይመስለኝም" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ቢያሳዩኝማ አዝንብዎት ነበር።"

ሽማግሌው በረጅሙ አዩአቸውና ፈገግ አሉ። ሁለቱም ሰው አምኖ የሰጣቸውን የማያወጡ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ብቻ መሃላቸው ተቀምጬ እቁነጠነጣለሁ።

"ይቸኩላል?" አሉ መምሬ ታደለ።

"በጣም ይቸኩላል፣ አባ። ለእሷ ብቻ አይደለም።"

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፈገግታቸው ጠፋ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ቁም። መጥተሃል እላታለሁ። ከፈለገች ትመጣለች፤ ካልፈለገች ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ" አሉ።

እሑድ እኔ ቅዳሴ ስገባ ጋሽ ሰይድ ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ። ሞጣ የተወለዱበት ከተማ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያውቃቸዋል። "ሰይድ፣ ምን ልትሆን ነው ከደጀ ሰላሙ? ልትጠመቅ ነው?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም "ሰው እየጠበቅሁ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ አይመልሱም። ስወጣ ሕዝቡ ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ በበሩ ይፈስሳል፤ እሳቸው አንገታቸውን እያሰገጉ ፊት ይፈልጋሉ። እሷ ናት ቀድማ ያየቻቸው። ሆዷ ገፍቷል። ፊት ለፊታቸው መጥታ ቆመችና "ስሙን አመጣልሻለሁ ብለውኝ ነበር" አለቻቸው።

"አምጥቻለሁ፤ ግን ቆመሽ አትሰሚውም" አሉ።

ያለው ቅርብ ቦታ የወንድማቸው ሱቅ ነው። ጓዳው ገባን፤ በጣቃ መሃል እሷን ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ እሳቸው ከተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። እኔን እያሳዩ "ይቺ ሲስተር ናት፤ ብትፈልጊ ትኑር፣ ካልፈለግሽ ትውጣ" አሏት። ትኑር አለች። ከዚያ ነገሯት። አላድበሰበሱም፣ አልተቻኮሉም። የቫይረሱን ስም ከጠሩ በኋላ ጠበቋት።

"ነጻ ነሽ ብለውኝ ነበር እኮ" አለች።

"ያን ቀን ያየሽ ሰው አልዋሸሽም። ገና አይታይም ነበር።"

"ልጄስ?"

"ለእሱ ነው የመጣሁት። እሱ ዘንድ ሳይደርስ ልንቀድመው እንችላለን።"

ድምጿን አጥፍታ አለቀሰች። ጋሽ ሰይድ አላባበሏትም፤ ከጣቃው ጫፍ ነጭ አቡጀዲ ቀደው እጇ ላይ አደረጉላት፤ ፊቷን ጠረገችበት። ኋላ ቀና ብላ "ማንም አይወቅብኝ" አለች። "ማንም፣ ጋሼ። ባሌን ራሴ እነግረዋለሁ። ሌላ ማንም።" እሳቸውም "ከኔ አፍ አይወጣም" አሏት።

ይህን ቃል ስሰማ ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው አላሰብኩም።

ሞጣ ሁሉም ስለሚያውቃት መድኃኒቱን ቢቸና እየመጣች እንድትወስድ ተስማማን። በዚያው ሳምንት መጣች፤ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው መርምረው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር መናኸሪያ ድረስ ይሸኟታል፤ ዳቦና ሙዝ ይገዙላታል። የወንድማቸው ሚስት ወለተ ሥላሴ ከሱቁ ጓዳ ስትወጣ አይታት ነበርና ወሬው ከሞጣ ቢቸና ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰይድ የክርስቲያን ልጅ አስረግዟል ተባለ። እኔም አልቀረልኝም፤ አገናኟ እኔ ነኝ። እኔ ሳቅሁበት። እሳቸው ግን ቤት ነበራቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ምሳቸውን በየቀኑ በምሳ ዕቃ ይልኩላቸው ነበር፤ የእኔም ድርሻ አይቀርም። አንድ ቀን ምሳ ዕቃው ቀረ። በማግስቱም ቀረ። ጋሽ ሰይድ ዳቦ በሻይ እየነከሩ "ዛሬ አልራበኝም" ይላሉ። ኋላ ነገሩኝ። ወይዘሮ ዘይነባ በቀጥታ ጠይቀዋቸዋል፤ "ያቺ ሴት ማን ናት?" ብለው። "ልነግርሽ አልችልም፣ ዘይነብ። የኔ ነገር አይደለም" ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈዋል።

"ጋሼ፣ ልጅቷን እንጠይቃት። ለባለቤትዎ ብቻ ብንነግር እሺ ትል ይሆናል" አልኳቸው።

"እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት? ቤቴ ፈረሰ ብላት እሺ ትለኛለች፤ እሺ ያለችው ግን አዝናልኝ ነው። እንዲያ አይጠየቅም።" ዳቦውን አስቀመጡት። "ዘይነባን አገባኋት እንጂ የታማሚዬን ነገር አልሰጠኋትም።" ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጠንካራ ሰው መስለውኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ክፉኛ እንደተጎዱ አየሁ። ተናደድኩም። እንዲህ ዓይነት ሰው በገዛ ቤቱ ሲታማ እኔም አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

ወለተ ሥላሴ ቢቸና ወለደች፤ ወንድ። ጋሽ ሰይድ ማዋለጃው ደጅ እንደ አባት ሲንጎራደዱ ያየ ሁሉ ወሬውን አጸናው። ሕፃኑ ወዲያው መከላከያ ሽሮፕ ተጀመረለት፤ ከሳምንታት በኋላም ደሙ ተወስዶ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ጋሽ ሰይድ ከሰው ጋር አይጫወቱም ነበር። የመጣ ዕለት እናትየውን አስጠርተው፣ አስገብተው፣ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

"የለበትም" አሉ።

እሷ ሕፃኑን ታቅፋ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟትና "ተይ፣ ልጁን ትጥይዋለሽ" አሏት። በኋላም እስኪያድግ ድረስ ደጋግመን መርምረነዋል፤ ነጻ ነው። ባሏም ነግራው አልሸሸም፤ ተመርምሮ እሱም መድኃኒት ጀመረ።

የጋሽ ሰይድ ቤት ግን አልቀናም። ጡረታ ወጥተው ሞጣ ሲገቡ ወይዘሮ ዘይነባ አብረዋቸው ሄዱ፤ ለሰው ዓይን ደህና ነበሩ። እኔም ወደ ማርቆስ ተዛወርኩ። ስደውልላቸው "ዘይነብ ደህና ናት፣ ትኖራለች" ይሉኛል። ከዚያ አልፈው አይናገሩም።

ለለቅሶ ሞጣ ስደርስ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጧል፤ መምሬ ታደለም በምርኩዝ ተደግፈው መጥተዋል። ሴቶቹ ዘንድ ገብቼ ከወይዘሮ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደርቀው ተቀምጠዋል። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣቸውም አሉኝ፤ ዘመድ ሁሉ ደንግጧል። ጨብጠውኝ "መጣሽ?" ከማለት ሌላ አላናገሩኝም።

ወለተ ሥላሴ ልጇን ይዛ ጥግ ተቀምጣለች። ልጁ አድጓል፤ የሰው ጫማ እያነሳ ይደረድራል። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከሁሉም በላይ ታለቅሳለች። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ግንባሩን እዩት፣ ቁርጥ ሰይድን" ብላ ስታንሾካሽክ ሰማሁ። ወይዘሮ ዘይነባም ሰምተዋል። ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"አንቺ ታውቂያለሽ። ልጁ የማን ነው?"

"እትዬ፣ እኔ መናገር አልችልም።"

"አንቺም?" አሉ። "እሱም እንዲሁ እያለኝ ሞተ።"

አንዲት ቃል ብናገር ሁለቱንም አሳርፋቸው ነበር፤ ሟቹንም፣ እሳቸውንም። ቃሏ ግን የእኔ አይደለችም።

ወለተ ሥላሴ ስንተያይ አይታን ነበር። ምን እንደምንነጋገር ገባት መሰለኝ። ስታለቅስ የነበረችው ዝም አለች፤ ሴቶቹን ቀስ ብላ እያለፈች መጣችና ወይዘሮ ዘይነባ ፊት ተንበረከከች። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ጆሯቸው ላይ ተጠጋች። የተናገረችው ጥቂት ነው። እኔ አልሰማሁትም፤ ድንኳኑ ውስጥ የሰማው የለም። ወይዘሮ ዘይነባ ራሳቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ፊቷን አዩ። ከዚያ ጫማ የሚደረድረውን ልጅ አዩ።

"ነጻ ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ነጻ ነው፣ እናቴ። እሳቸው ደርሰውልኝ።"

ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው ልጁን ጠሩት፤ መጣ። ደረታቸው ላይ አጥብቀው አቀፉት። "ሰይዴ!" አሉ። "ምነው ሰይዴ! ምነው ሰይዴ!" ሴቶቹ ተሯሩጠው "ኧረ ሰብር አድርጊ፣ ዘይነብ" እያሉ ቢይዟቸው አልሰሟቸውም። ልጁን እንዳቀፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባላቸውን አለቀሱ።